በእርሳስ መያዣው ውስጥ የተገኙት ስድስት ካፕሱሎች

ባለፈው ዓመት የካቲት ውስጥ እህቴ የልጇን የደንብ ልብስ ልታጥብ ኪሱንና ቦርሳውን ስታራግፍ፣ ከማሸጊያቸው ወጥተው በደብተር ወረቀት የተጠቀለሉ ስድስት ካፕሱሎች ከእርሳስ መያዣው ውስጥ አገኘች። ልጁ 15 ዓመቱ ነው፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪ። የእናት ልብ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ክፉው ነውና ሱስ የሚያስይዝ ነገር መስሏት እየተንቀጠቀጠች ደወለችልኝ። ፎቶ አንሥታ ስትልክልኝ ግን ወዲያው ዐወቅኋቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከምሠራበት ፋርማሲ በገዛ እጄ ቆጥሬ የሰጠሁት አሞክሳሲሊን ነበር።

አሰጣጤን አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል። እህቴ «ጉሮሮውን አሞታል፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶታል፣ ትኩሳትም አለው» ስትለኝ፣ ልጁን ሳላይና ሐኪም ሳያየው፣ ባለ 500 ሚሊግራሙን 30 ፍሬ በጎረቤት ልጅ አስይዤ ላክሁላት፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለዐሥር ቀን። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ እንደማይሸጥ ደንበኞቼን በየቀኑ የምመልስ ሰው፣ ለሥጋ ዘመዴ ሲሆን ሕጉን በአንድ የስልክ ጥሪ ረሳሁት። ይህ የእኔ ብቻ ጥፋት አይመስለኝም፤ በሙያው ውስጥ ያለን ብዙዎቻችን የዘመድ ፋርማሲ ነን።

ማታ ልጁን አስቀምጬ ስጠይቀው ምንም አልደበቀኝም። ሦስት ቀን ወስዶ ተሻለው። ዐሥሩን ጉሮሮውን ላመመው የክፍሉ ልጅ ሰጠው፤ አምስቱን ደግሞ ፊቱ በብጉር ለተሞላው ሌላ ጓደኛው። ስድስቱን «ፈተና ሰሞን ቢያመኝ ብዬ ነው» አለኝ። ዐይኖቹ ውስጥ የጥፋተኝነት ምልክት አልነበረም፤ ይልቁንም መልካም የሠራ ሰው መልክ ነበረው። የጥፋተኝነት ምልክትስ ለምን ይኖራል? ያለውን ለጓደኛው ሳያካፍል የሚበላ ልጅ ነውረኛ እንደሆነ ከሕፃንነቱ ጀምረን የነገርነው እኛ ነን። መድኃኒት ከዚያ ሕግ ውጭ እንደሆነ የነገረው ሰው አልነበረም።

ለምን በእርሳስ መያዣው ውስጥ እንደተገኘ ስጠይቀው የመለሰልኝ መልስ ደግሞ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። «የቀኑን ምሳ ሰዓት ላይ ዋጥ ስላልሽኝ ነዋ፣ አክስቴ» አለኝ። ምሳ ሰዓት ላይ እሱ ትምህርት ቤት ነው። የቀኑን ፍሬ ይዞ እንዲሄድ ያደረግሁት፣ በዚያውም መድኃኒቱን ከእናቱ ቤት አውጥቼ ወደ ክፍል ጓደኞቹ መካከል ያስገባሁት እኔ ነኝ። የባሰው ነገር ይህ አልነበረም፤ ለባክቴሪያ የጉሮሮ ሕመም አሞክሳሲሊንን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ማዘዝ እንደሚቻል እያወቅሁ፣ እጄ በለመደው ጻፍሁት። ጠዋትና ማታ ብዬው ቢሆን ኖሮ እናቱ ፊት ይውጥ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ በመስኮቴ የሚመጡትን ልጆች በሌላ ዐይን ማየት ጀመርሁ። ሕፃን ሲታመም መድኃኒቱ ባለቤት አለው። እናቱ ዱቄቱን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ ትበጠብጣለች፣ ጠርሙሱን ታናውጣለች፣ በመለኪያው ታጠጣዋለች፣ ቢተፋው ትደግመዋለች። አዋቂም ቢሆን ጥሩም ይሁን መጥፎ ራሱ ይወስናል። በመካከል ያለው፣ 12 ወይም 13 ዓመት ሲሆነው ሽሮፕ ቀርቶ ካፕሱል የሚሰጠው ልጅ ግን «አሁን ትልቅ ሰው ሆነሃል» ተብሎ መድኃኒቱን ይረከባል እንጂ አብሮት መሰጠት የነበረበትን ዕውቀት አይረከብም። እናትና ልጅ አጠገብ ለአጠገብ ቆመው እኔ የማስረዳው ለእናትዮዋ ነበር። እሱ ስልኩን ይነካካል፤ እኛ ስለ እሱ እናወራለን። 19 ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ።

የጉሮሮ ሕመም በእኛ ቤት ብዙ ስም አለው። እንጥሉ ወረደ ይባላል፣ ቶንሲሉ ተነሣ ይባላል፣ ብርድ መታው ይባላል፣ ምች ነው ተብሎም ዳማ ከሴ ይታሻል። (እንጥል በምላጭ ማስቆረጥ ዛሬም አልጠፋም፤ ደም ካፈሰሰና ቁስል ካመረቀዘ በቀር የሚያድነው ነገር የለም።) በሕክምናው ዐይን ግን ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቫይረስ ነው ወይስ ባክቴሪያ? ጉሮሯቸውን ከሚያማቸው ሕፃናትና ታዳጊዎች መካከል ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚገኝባቸው ከመቶ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ናቸው፤ የቀሩት በአብዛኛው ቫይረስ ነውና አሞክሳሲሊን ቢውጡም ባይውጡም በሳምንት ውስጥ ይድናሉ። ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የድምፅ መጎርነን አብረው ካሉ ነገሩ ወደ ቫይረሱ ያደላል። ሳል ሳይኖር ድንገት የመጣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ቶንሲል ላይ የሚታይ ነጭ መግል፣ ከመንጋጋ ሥር አብጦ ሲነኩት የሚያም ንፍፊት ሲገናኙ ደግሞ ወደ ባክቴሪያው ያደላል። ምልክት ብቻውን ዳኛ አይሆንም፤ ለዚህ ነው ሐኪም ጉሮሮውን ከፍቶ ማየት ያለበት።

ከእነዚህ ከመቶ 20 ወይም 30 ልጆች አንዱን ሳያክሙ መቅረት በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ሰውነት ስትሬፕቶኮከስን ለመዋጋት ያሰለፈው መከላከያ፣ ሕመሙ ካለፈ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አንዳንድ ልጆች ላይ ዞሮ የገዛ መገጣጠሚያቸውንና የልባቸውን በሮች (ቫልቮች) ይመታል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው ሕመም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ይበልጥ ያጠቃል፤ ሲደጋገም ቫልቮቹ ይጠባሉ ወይም አልገጥም ይላሉ። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን ሕመም ከአህጉሩ ለማጥፋት ያወጣው መግለጫ በአዲስ አበባ ስም የሚጠራ መሆኑን ሳስብ፣ እኔ ከዚያው ከተማ መስኮት ሥር ሆኜ ለአንድ ልጅ ስለ ዐሥሩ ቀን አለማስረዳቴ ያሳዝነኛል። ደስ የሚለው፣ ጉሮሮው ካመመው በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሕክምናው ቢጀመር እንኳ የሩማቲክ ትኩሳትን ይከላከላል፤ ስለዚህ ለአንድ ቀን ጠብቆ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይህን ጥበቃ አያሳጣም። የቸኮልሁት በከንቱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ፔንሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ጉሮሮውን ያመመውን አንድ ሰው በምሳሌ አንሥቶ ነበር። ሰውየው ፔንሲሊን በራሱ ገዝቶ ጥቂት ብቻ ይወስዳል፤ ስትሬፕቶኮከሱ ሳይሞት መድኃኒቱን ይላመዳል፤ ከዚያም ወደ ሚስቱ ይተላለፍና እሷን ሳንባ ምች ይይዛታል፤ ፔንሲሊን አላድን ብሏት ትሞታለች። ምሳሌው የእህቴን ልጅና የክፍሉን ጓደኛ የሚመስል ነው። የሚገርመው ግን ፍሌሚንግ በፈራበት በዚያው ባክቴሪያ ላይ ፍርሃቱ እስከ ዛሬ አልደረሰም፤ የጉሮሮው ስትሬፕቶኮከስ ከሰማንያ ዓመት በኋላም በፔንሲሊን ይሞታል። የደረሰው በሌሎቹ ላይ ነው፦ ለጉሮሮ ተብሎ የተዋጠ ካፕሱል አንጀትና አፍንጫ ውስጥ፣ ቆዳም ላይ የሚኖሩትን ሌሎች ባክቴሪያዎች ያገኛቸዋል፤ መላመዱን የሚማሩት እነሱ ናቸው። ነገ የሽንት ቧንቧ ወይም የደም ኢንፌክሽን ሆነው ሲመጡ ያን ትምህርት ይዘው ይመጣሉ።

ይህን ያነሣሁት «ካልጨረስከው ጀርሙ ይላመዳል» የሚለውን ለልጆች የምንደጋግመውን ዐረፍተ ነገር መፈተሽ ስለምፈልግ ነው። ታዳጊ ብልህ ነው፤ ምክንያቱ ሐሰት ሲሸተው መመሪያውንም አብሮ ይጥለዋል። ብዙ ሕመሞች ዛሬ በአጭር ጊዜ እንዲታከሙ ይመከራል፤ ቀላል የሳንባ ምች ለምሳሌ በአምስት ቀን። ለስትሬፕቶኮከስ ጉሮሮ ዐሥር ቀን የምንለው ባክቴሪያው ይላመዳል ብለን ሳይሆን፣ ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ቢተውም ባክቴሪያው ጉሮሮ ውስጥ ስለሚቆይና ልብን የሚያሰጋው ያ ቀሪው ስለሆነ ነው። ለእህቴ ልጅ እንዲህ አድርጌ ስነግረው መጀመሪያ ያለኝ፣ «ታዲያ ይህን ያን ዕለት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» ነው።

ከእሱ ተቃራኒ የሆነች አንዲት ልጅም አለች። መጀመሪያ ስትመጣ 13 ዓመቷ ነበር፤ አያቷ እጇን ይዘው በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔንሲሊን ይገዙላትና ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዷታል። የሩማቲክ ትኩሳት አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ እንደገና እንዳይያዝ ይህን መርፌ ለዓመታት መወጋት አለበት፤ ልቡ ያልተነካው ቢያንስ ለአምስት ዓመት ወይም እስከ 21 ዓመቱ፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን፣ ቫልቩ የተጎዳው ደግሞ እስከ 40 ዓመቱ፣ አንዳንዱም ዕድሜ ልኩን። አያቷ «ልጄ፣ ይህ ነገር መቼ ነው የሚያበቃው?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር፤ ልጅቷ ግን ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ለእሷ ነግሬያት አላውቅም። 17 ዓመት ሲሆናት መምጣቷን አቆመች። ከስድስት ወር በኋላ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት መጣች፤ ወደ ልብ ሐኪም ተላከች። ለምን እንዳቆመች ስጠይቃት፣ «ምንም አላመመኝም ነበር፤ የክፍል ልጆችም በየወሩ የት ነው የምትሄጂው ይሉኛል» አለችኝ። ጤነኛ ሆኖ ለሚሰማው የ17 ዓመት ሰው መርፌ ማለት ሕመምን የሚያመጣ እንጂ የሚያስቀር ነገር አይደለም።

በእሷ ነገር ላይ የባለሙያው ፍርሃትም ነበረበት። ፔንሲሊን ገድሏል የሚለው ወሬ በየጤና ተቋሙ ይዞራል፤ አንዳንዱ ባለሙያ መርፌውን ለመውጋት እንቢ ይላል፤ ልጅቷም ሁለት ጊዜ ከበር ተመልሳለች። ከባድ አለርጂ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን እጅግ ጥቂት ነው። ልባቸው ክፉኛ በተጎዳ ሕሙማን ላይ ከመርፌው በኋላ የደረሱ አንዳንድ ሞቶች ከአለርጂ ይልቅ ከልቡ ድክመት ጋር ሳይያያዙ እንደማይቀሩ ሐኪሞች ያስባሉ፤ ለእንዲህ ያሉት በአፍ የሚወሰደው ይመረጥላቸዋል። ለሌላው ልጅ ግን ሳይራብና ሳይጠማ መጥቶ፣ ተኝቶ ተወግቶ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ዐይን ሥር ቆይቶ፣ ከባድ አለርጂ ቢነሣ የሚወጋው አድሬናሊንም ክፍሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ከሆነ፣ መርፌውን መከልከሉ ከመወጋቱ የበለጠ አደጋ ነው።

«ፔንሲሊን አይስማማኝም» የሚለው ስምም በዚህ ዕድሜ በቀላሉ ይለጠፋል። ቫይረስ ይዞት ሳለ አሞክሳሲሊን የተሰጠው ልጅ ሰውነቱ ሽፍ ሲል አለርጂ ነው ይባልና ለዘላለም ይመዘገብበታል። አለርጂ አለብን ከሚሉት ከመቶ ከዘጠናው በላይ በምርመራ ሲታዩ የለባቸውም። ልጁ ምን እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሆነ፣ ፊቱና ምላሱ አብጦ ወይም ትንፋሹ አጥሮት እንደነበረ በዝርዝር ሳይጠየቅ ከዋናው መድኃኒት መከልከል የለበትም። አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሮት ከነበረ ግን ያለ ሐኪም አንድ ፍሬ እንኳ አይሞከርም።

ስለ ሌሎቹ መድኃኒቶች ብዙ ማለት ይቻላል፤ በመስኮቴ በኩል የማየውን ብቻ ልናገር። ታዳጊዎች ደጋግመው ከሚመጡበት ምክንያት አንዱ «ታይፎይድ ተብዬ» ነው። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ድሮ ያለፈ ኢንፌክሽን የተወውን አሻራም ስለሚያሳይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ብዙ አይታመንም፤ ሆኖም በእሱ ብቻ ሲፕሮፍሎክሳሲን ይዞ የሚሄደው ተማሪ ብዙ ነው። ይህ መድኃኒት ለታዳጊ ሐኪም አስቦበት ሲያዝዘው ይሰጣል እንጂ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም፤ ጅማትን ይጎዳልና። አንድ ጊዜ ሩጫ የሚለማመድ የ16 ዓመት ልጅ ተረከዙ ላይ ያለውን ጅማት እያመመው የሕመም ማስታገሻ ሊገዛ መጣ፤ ምን እየወሰደ እንደሆነ ስጠይቀው ሲፕሮ የጀመረ አራተኛ ቀኑ ነበር። ሩጫውን አቁሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪሙ እንዲመለስ አደረግሁት። ባልጠይቀው ኖሮ ማስታገሻውን ውጦ ይሮጥ ነበር።

ብጉርም አለ። የእህቴ ልጅ ለጓደኛው የሰጠው አምስት አሞክሳሲሊን ምንም አልጠቀመውም። ለብጉር ከሚዋጡት ፀረ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ነው፤ እሱም ከሚቀባ መድኃኒት ጋር እንጂ ብቻውን አይደለም፤ ቢበዛ ለሦስትና አራት ወር። ወተትና የጨጓራ ማስታገሻ ሥራውን ይቀንሱበታል፤ ፀሐይ ላይ ቆዳ ያስቆጣል፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ማታ በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጠው ወዲያው የሚተኙ ልጆች ደግሞ ፍሬው የምግብ ቧንቧቸው ላይ ተጣብቆ ያቆስላቸዋል፤ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ጠጥተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብለው መቆየት አለባቸው።

የመጠን ነገር ዕድሜን አይከተልም። ሁለት የ13 ዓመት ልጆች አንዱ 32፣ ሌላው 60 ኪሎ ሊሆን ይችላል። አሞክሳሲሊንን በመሳሰሉት ላይ ወደ 40 ኪሎ ሲደርስ የአዋቂ መጠን ይሰጣል፤ ከዚያ በታች በኪሎው ይሰላል። ፋርማሲያችን ውስጥ ሚዛን ያስገባነው ባለፈው ክረምት ነው። ከክብደቱ ጋር ጾሙንም እጠይቃለሁ። ሁዳዴን ወይም ረመዳንን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ልቡ የሚጾመው ልጅ በዚህ ዕድሜ ያለው ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ የተባለውን መድኃኒት ለማንም ሳይናገር ወደ አንድ ይቀንሰዋል። ቢናገር ሐኪሙ ለጠዋትና ለማታ የሚሆን ይመርጥለታል፤ ካልሆነም የንስሐ አባቱ ወይም ሼኹ በሕመም ምክንያት ይፈቅዱለታል።

በጣም የሚከብደኝ ግን ዝግ ባለ ድምፅ የሚጠየቀው ነው። መስኮቱ ላይ ሰው እስኪቀንስ ጠብቃ «ሽንት ሲወጣ ያቃጥለኛል፤ የሆነ ኪኒን ስጪኝ» የምትለኝ ልጅ፣ እናቷ ጓደኛዬ ልትሆን ትችላለች። ብከለክላት ሌላ ፋርማሲ ሄዳ የማይሆን ነገር ትገዛለች፤ ብሰጣት ሳላውቅ እሰጣታለሁ። ትኩሳት፣ የጎን ውጋት፣ ፈሳሽ፣ እርግዝና፤ እነዚህን ሳይጠይቁ መድኃኒት መምረጥ አይቻልም፤ በቆመ ሰው ፊት ደግሞ አይጠየቁም። አሁን ወደ ውስጥ አስገብቼ በር ዘግቼ እጠይቃለሁ፤ ለወጣቶች ምቹ አገልግሎት ወደሚሰጥበት ጤና ጣቢያም ከተቻለ ደውዬ እልካለሁ። ስትወጣ ግን ትሂድ አትሂድ ዐላውቅም።

የእህቴ ልጅ ግንቦት ላይ እንደገና ጉሮሮውን አመመው። በዚህኛው ጊዜ እናቱ አልደወለችም፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በራሱ እግር ፋርማሲው ድረስ መጣ። «ያስለኛል፣ አፍንጫዬም ይፈሳል፤ ትኩሳት ግን የለኝም። ይሄ እንኳ ካፕሱሉን አይፈልግም አይደል፣ አክስቴ?» አለኝ። በስልኬ መብራት ጉሮሮውን አየሁት፤ ቀላ ከማለቱ በቀር መግል የለውም፤ አንገቱንም ነካካሁት። ፓራሲታሞል ሰጥቼ፣ በጨው ውኃ ተጉመጥመጥ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም መዋጥ ካቃተህ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን ብዬ ላክሁት። መደርደሪያው ላይ ያለው አሞክሳሲሊን ከእጄ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ነቅቼ ስለ ልቡ አሰብሁ፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስደውል ሳሉን እያስተጋባ «ሒሳብ ፈተና ላይ ነኝ፣ ኋላ ልደውልልሽ» ብሎ ዘጋብኝ።